የሐርጌሳዋ ቤተ ክርስቲያን በሯን ከፍታ በቀናት ውስጥ ለምን ተዘጋች?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 መጨረሻ በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ የምትገኘው የፓዱዋው ቅዱስ አንጦንዮስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ለሠላሳ ዓመታት ገደማ ተዘግታ ከቆየች በኋላ በሯን ከፈተች። እድሳቱንና ቡራኬውን የመሩት ከጎረቤት ጂቡቲ የመጡት ጳጳስ ጆርጆ በርቲን ነበሩ። የመክፈቻው ዜና ገና ተሰምቶ ሳያበቃ ግን በከተማዋ መስጊዶችና በማኅበራዊ መገናኛዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በቀናት ውስጥ የሶማሊላንድ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ቀድሞዋ ተዘግታ እንድትቆይ መወሰኑን አስታወቀ።

ክስተቱ አጭር ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ አጭር አይደለም። በሐርጌሳ ቋሚ ካህን የላትም፤ ስለዚህ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የሚቆም ሰባኪ ሁሉ ከሌላ አገር የሚመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሰባኪን መቀበል በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ የአንድ ደብር አስተዳደር የሚወስነው የመርሐ ግብር ጉዳይ ነው። በሐርጌሳ ግን የሕገ መንግሥት፣ የታሪክ ትዝታና የጸጥታ ጉዳይ ይሆናል። ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንንም በቅርብ ይነካል፤ ከድንበሩ ማዶ ለሥራ ወይም ጥገኝነት ፍለጋ ወደ ከተማዋ ከሚሄዱት መካከል ክርስቲያኖች አሉና።

ቤተ ክርስቲያኗ ከየት መጣች?

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ከሶማሌ ጎሳዎች ጋር ውል እየተዋዋለች በአካባቢው የጥበቃ ግዛት አቋቋመች። የግዛቲቱ የመጀመሪያ ማዕከል የወደብ ከተማዋ በርበራ ነበረች። በ1890ዎቹ የካፑቺን ማኅበር ፈረንሳውያን መነኮሳት ወደዚያ ገብተው የካቶሊክ ሚሲዮን ከፈቱ፤ ወላጅ አልባ ሕፃናትንም ሰብስበው ማሳደግና ማስተማር ጀመሩ።

በሶማሌዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚተረክ አንድ ታሪክ የሚነሣው ከዚህ ሚሲዮን ነው። ከእንግሊዝ ጋር ለሃያ ዓመታት ገደማ የተዋጋው የደርቪሾች መሪ ሰይድ ሞሐመድ አብዱላህ ሐሰን፣ ገና ጦርነቱ ሳይጀመር፣ በሚሲዮኑ ካደጉት ልጆች አንዱን አግኝቶ ስሙን ጠየቀው ይባላል። ልጁ ስሙ ጆን አብዱላሂ መሆኑን ነገረው። ጎሳህ ማን ነው ሲባልም የአባቶች፣ ማለትም የመነኮሳቱ፣ ጎሳ ነኝ ብሎ መለሰ። ማንነት በዘር ሐረግና በእስልምና በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ መልስ ሕፃናት ከወገናቸውም ከእምነታቸውም እየተነጠቁ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ተወሰደ።

ታሪኩ ቃል በቃል የተፈጸመ ይሁን አይሁን፣ ሚሲዮኑ ለደርቪሾች አመፅ ከተጠቀሱት ቅሬታዎች አንዱ እንደነበር የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይስማማሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 የእንግሊዝ ጦር ከመሀል አገር ወደ ባሕር ዳርቻው ሲያፈገፍግ ሚሲዮኑም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በሶማሌዎች መካከል የሚሲዮን ሥራ እንዳይካሄድ ጥንቃቄ ያደርግ ነበር። ሰብኮ ማሳመን ሌላ አመፅ እንደሚቀሰቅስ ያውቃልና።

የጥበቃ ግዛቲቱ መቀመጫ እ.ኤ.አ. በ1941 ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ። የቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ የእንግሊዝ ዘመን ቅርስ ናት። አገልግሎቷ በዋናነት ለባዕዳን ነበር፤ ለአስተዳደሩ ሹማምንት፣ ለወታደሮችና ከሌላ አገር ለመጡ ሠራተኞች። ሶማሊላንድ በሰኔ 1960 ነጻ ወጥታ በቀናት ውስጥ ከደቡቡ ጋር ስትዋሃድ የምእመናኑ ቁጥር ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ ከተማዋ በአብዛኛው ፈራረሰች፤ ነዋሪዎቿ በመቶ ሺዎች እየተቆጠሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። የቤተ ክርስቲያኗ በርም በዚያው ዘመን ተዘግቶ ቀረ።

በ2017 ምን ተፈጠረ?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አደረጃጀት ሶማሊላንድን የሚመለከተው በሞቃዲሾ ሀገረ ስብከት ሥር አድርጎ ነው። የሞቃዲሾ ጳጳስ ሳልቫቶሬ ኮሎምቦ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 በካቴድራላቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ሀገረ ስብከቱ በሐዋርያዊ አስተዳዳሪ ሲመራ ቆይቷል። ኃላፊነቱን የወሰዱት ጆርጆ በርቲን በ2001 የጂቡቲ ጳጳስ ሲሆኑም ይህን ሥራ ደርበው ቀጠሉ። እንግዲህ በ2017 ሐርጌሳ ላይ ቤተ ክርስቲያኗን የከፈቱት ጳጳስ ራሳቸው ከሌላ አገር እየተመላለሱ የሚያገለግሉ እንግዳ ነበሩ ማለት ነው።

መክፈቻውን የደገፉ ወገኖች መከራከሪያ ቀላል ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ አዲስ አይደለችም፤ ከነጻነት በፊት የነበረች ናት። የምታገለግለውም የከተማዋን ተወላጆች ሳይሆን በውጭ ድርጅቶች የሚሠሩትንና ሌሎች የውጭ ዜጎችን ነው። የማንንም እምነት ለማስለወጥ አልተከፈተችም።

የተቃዋሚዎቹ መልስም ግልጽ ነበር። ሕዝቧ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ሙስሊም በሆነበት አገር የቤተ ክርስቲያን በር መከፈቱ ራሱ ስብከት ነው አሉ። ዛሬ ለባዕዳን የተከፈተው በር ነገ ለወጣቶቻችን ይከፈታል የሚል ስጋት አቀረቡ። ክርክሩ የደረሰው ደግሞ የፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ዝግጅት በሚካሄድበት ወቅት ነበር፤ ምርጫው የተካሄደው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነው።

በመጨረሻ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትሩ ሼኽ ኸሊል አብዱላሂ አህመድ መግለጫ ሰጡ። መንግሥት የሕዝቡን ፍላጎት አክብሮ ቤተ ክርስቲያኗ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በነበረችበት ሁኔታ እንድትቆይ መወሰኑን ተናገሩ። ሕንፃዋን ማፍረስ ወይም መውረስ አልተነሣም። የተወሰነው ሕንፃዋ ቆማ፣ በሯ ተዘግቶ እንድትቆይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 በሕዝበ ውሳኔ ጸድቋል። አንቀጽ 5 እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑን ይደነግጋል፤ ከእስልምና በቀር ሌላ ሃይማኖት በአገሪቱ እንዳይስፋፋም ይከለክላል። ሕጎች ሁሉ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ መሆን አለባቸው። የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማም የእስልምናን የእምነት ቃል በላዩ ይዟል።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ሰው የእምነት ነጻነት እንዳለውና ሌላ እምነት እንዲቀበል እንደማይገደድ ይናገራል። አያይዞም ሸሪዓ ሙስሊም የሆነ ሰው እምነቱን መተውን እንደማይቀበል ያስቀምጣል።

ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ሦስት ዓይነት ሰዎች በሦስት ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ይገኛሉ። ሙስሊም ሆኖ የተወለደ የአገሩ ተወላጅ እምነቱን መለወጥ አይችልም። ክርስቲያን ሆኖ የመጣ የውጭ ዜጋ በእምነቱ መቆየት ይችላል። ማንም ሰው ግን፣ ተወላጅም ሆነ እንግዳ፣ ክርስትናን ማስፋፋት አይፈቀድለትም።

ችግሩ የሚጀምረው ‘ማስፋፋት’ የሚለው ቃል የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሲጠየቅ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ መጸለይ ማስፋፋት ነው? ደወል መደወልስ? ከሌላ አገር ሰባኪ ጋብዞ ለሃያ ሰው ማስተማርስ? ሕገ መንግሥቱ ወሰኑን አያሰምርም። በተግባር ወሰኑን የሚያሰምሩት የአካባቢ ባለሥልጣናት፣ ፖሊስና የሕዝብ ስሜት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ባልና ሚስት እምነታቸውን ለውጠዋል፣ ክርስትናንም አስፋፍተዋል ተብለው መታሰራቸው በይፋ ተነግሮ ነበር። እንዲህ ያሉ ክሶች መኖራቸው ደግሞ መብት ያላቸው የውጭ ዜጎችም ጭምር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲኖሩ ያደርጋል።

ፍርሃቱ የማን ነው?

ፍርሃቱ የሁለቱም ወገን ነው። የክርስቲያኖቹን መረዳት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2003 በምዕራብ ሶማሊላንድ በቦረማ ከተማ ጣሊያናዊቷ አናሌና ቶኔሊ ተገደለች። አናሌና የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን የምታስታምም፣ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት ትምህርት የከፈተች የካቶሊክ እምነት ተከታይ ነበረች፤ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የናንሰን ሽልማት ሰጥቷት ነበር። ወሩ ሳያልቅ በሼኽ ከተማ በመምህርነት ያገለግሉ የነበሩት እንግሊዛዊው ሪቻርድ አዪንግተንና ባለቤታቸው ኢኒድ በጥይት ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ደግሞ አጥፍቶ ጠፊዎች በሐርጌሳ የፕሬዝዳንቱን ቤተ መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት ጽሕፈት ቤትንና የኢትዮጵያን ቆንስላ በአንድ ቀን አጠቁ፤ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ።

እነዚህ ጥቃቶች የሶማሊላንድ ሕዝብ ሥራ አልነበሩም። የገዛ ዜጎቹም ተጎድተውባቸዋል፤ መንግሥትም ተጠርጣሪዎችን ይዞ ለፍርድ አቅርቧል። ነገር ግን መልእክታቸው ለባለሥልጣናቱ አልጠፋቸውም። የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን ለታጣቂዎች የተዘጋጀ ዒላማ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ካልደገፈው ደግሞ የሚጠብቀው አይኖርም።

በሌላ በኩል ያለው ፍርሃትም ሥር አለው። በሶማሌ ትዝታ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከሁለት ኃይሎች ጋር ተያይዛ ትነሣለች። አንደኛው ከመርከብ የወረደው ቅኝ ገዢ ነው፤ የሕፃኑ የጆን አብዱላሂ ታሪክ የሚተረከው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ከደጋ የመጣው የክርስቲያን መንግሥት ጦር ነው። በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ከተደረገው የኢማም አሕመድ ጦርነት ጀምሮ እስከ ኦጋዴን ጦርነት ድረስ ድንበሩን የተሻገረው ጦር እንጂ ሰባኪ ብቻ አልነበረም። ሶማሊላንድ ከ1991 ወዲህ ጎሳዎቿን አስማምታ ሰላም የገነባችው ደግሞ በሽማግሌዎችና በሃይማኖት መሪዎች ሸንጎ ነው። እስልምና ጎሳ ከጎሳ የማይለያይበት የጋራ መሬት ነው። ያን መሬት የሚነካ ነገር ሁሉ ሰላሙን የሚነካ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ተጋባዥ ሰባኪ በቤተ ክርስቲያን ሕግ

እንግዳ ተናጋሪን መቀበል በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን ያለ ወሰን የተተወ ነገር አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው የቀኖና ሕግ መሠረት ጳጳስ በየትኛውም ስፍራ መስበክ ይችላል። ካህንና ዲያቆንም የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ፈቃድ እስካለ ድረስ ይሰብካሉ። ምእመናን ደግሞ በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድላቸው ይችላል፤ በቅዳሴ ውስጥ ከወንጌል ንባብ ቀጥሎ የሚሰጠው ስብከት ግን ለካህንና ለዲያቆን ብቻ የተጠበቀ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ጊዜ ተጋባዥ መምህራን ከሌላ ደብር ወይም ከሌላ ሀገረ ስብከት መጥተው በዐውደ ምሕረት ማስተማራቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን መምህሩ የታወቀና የተፈቀደለት መሆን አለበት። ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸው ሰባክያን በዐውደ ምሕረት እንዳይቆሙ በተለያየ ጊዜ መመሪያ ተላልፏል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ተጋባዥ አገልጋይ የዕለቱ ዋና ሰባኪ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ማን ይጋበዝ የሚለውን በአብዛኛው ሽማግሌዎችና መጋቢው ይወስናሉ።

የተለየ አመለካከት ያለውን ሰው መጋበዝ ታሪክ የሠራባቸው ጊዜያት አሉ። ባፕቲስቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በቬትናም ጦርነት ላይ ያላቸውን ተቃውሞ በሰፊው ያሰሙት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1967 በኒው ዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን በእንግድነት ቆመው ነው። በዚያችው ከተማ፣ በሃርለም የሚገኘው የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1954 የኦርቶዶክሱን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብሎ መስቀል በስጦታ ተበርክቶለታል።

እነዚህ ምሳሌዎች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። እንግዳን በመድረክ ላይ ለማቆም አስቀድሞ የራስ የሆነ መድረክ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ስፍራው እንደማይወሰድበት ሲያውቅ ለሌላ ድምፅ በሩን መክፈት ይደፍራል። የሐርጌሳ ክርስቲያኖች ይህ መነሻ የላቸውም። በሶማሊላንድ ሕዝብ ዓይን ሲታይ ደግሞ መድረኩ የአገሬው ነው፤ እንግዳዋ ራሷ ቤተ ክርስቲያኗ ናት።

እንግዳው የተናገረበት የጥንት ችሎት

ለኢትዮጵያውያንም ለሙስሊሞችም የጋራ የሆነ አንድ ጥንታዊ ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በእስልምና ትውፊት መሠረት እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መጡ። ቁረይሾች ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው መልእክተኞች ላኩ። ነጃሺ ተብሎ የሚታወቀው ንጉሥ ግን ጳጳሳቱ በተሰበሰቡበት ችሎት እንግዶቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ፈቀደ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቆሞ ስለ አዲሱ እምነት አስረዳ፤ ስለ ማርያም ከሚናገረው የቁርኣን ምዕራፍም አነበበ። ንጉሡ አዳምጦ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም።

የዚህ ታሪክ አጸፋም በትውፊቱ ውስጥ ይገኛል። ከዓመታት በኋላ ከናጅራን የመጡ የክርስቲያን መልእክተኞች በመዲና ከነቢዩ ጋር ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ፣ የጸሎታቸው ሰዓት በደረሰ ጊዜ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ እንዲጸልዩ እንደተፈቀደላቸው ኢብን ኢስሐቅ ጽፎታል። ክርክሩ በስምምነት አልተቋጨም። እንግዶቹ ግን በሰላም መጥተው በሰላም ተመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ራሷ ሁልጊዜ የአክሱሙን ችሎት አልደገመችም። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ በጠሩት ጉባኤ የተለያየ የነገረ መለኮት ትምህርት ያላቸው ሊቃውንት ተከራክረው ነበር። ጉባኤው ያበቃው ግን በአንዱ ወገን አሸናፊነትና የሌላውን ትምህርት በመከልከል ነው፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ግዳጅ ተጣለባቸው። በደርግ ዘመንም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ስትዘጋ አባላቷ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ማምለክን ተማሩ። እገዳው ሲነሣ ቁጥራቸው ከአምስት ሺህ ገደማ ወደ 34 ሺህ ገደማ አድጎ ተገኘ።

ዛሬም ቢሆን የሐርጌሳን በር የሚመስል በር በአክሱም አለ። የከተማዋ ሙስሊሞች መስጊድ ለመሥራት ለዓመታት ያቀረቡት ጥያቄ ተቃውሞ ሲገጥመው ቆይቷል። ተቃዋሚዎቹ አክሱም የጽዮን ከተማ መሆኗን፣ መካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንደማይሠራ ሁሉ አክሱምም መስጊድ ሊሠራባት እንደማይገባ ይናገራሉ። ሙስሊሞቹ በበኩላቸው በተወለዱበት ከተማ የጸሎት ቤት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይከራከራሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የአክሱም ሙስሊሞች የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ የሐርጌሳ ክርስቲያኖች በአብዛኛው የውጭ ዜጎች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። የተቃውሞው አመክንዮ ግን በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ ይህ ስፍራ የኛ መለያ ነው፣ የሌላው ድምፅ እዚህ ሲሰማ መለያችን ይጠፋል የሚል።

የሐርጌሳ ሌላው መድረክ

ሐርጌሳ በሯን ለእንግዳ የዘጋች ከተማ ናት ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ይካሄዳል። መሥራቹ ጸሐፊና ምሁር ጀማ ሙሴ ጀማ ናቸው። ዐውደ ርእዩ አንድ አንድ የአፍሪካ አገር በክብር እንግድነት ይጋብዛል፤ ማላዊ፣ ናይጄሪያ፣ ጋናና ሩዋንዳ ከተጋበዙት መካከል ናቸው። ክርስቲያን የሆኑ ደራስያንና ምሁራን ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጥተው በሺዎች በሚቆጠሩ ወጣቶች ፊት ይናገራሉ፤ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ይከራከራሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ተከፍታ በተዘጋችበት በ2017 ክረምትም ዐውደ ርእዩ አሥረኛ ዓመቱን አክብሯል።

በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ስደትና ስለ አፍሪካ ፖለቲካ የተለያየ ሐሳብ ይሰማል። ይሁንና የንግግር ወሰን በሃይማኖት ብቻ እንደማያበቃ ከመድረኩ ውጭ የሆነው ያሳያል። ገጣሚዋ ነዒማ ቆራኔ እ.ኤ.አ. በ2018 የሶማሌዎችን አንድነት በመደገፏ ሦስት ዓመት እስር ተፈርዶባት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ በይቅርታ ተፈታች። በከተማዋ ሁለት ነገሮች በቀላሉ አይነኩም ማለት ነው፤ የአገሪቱ ነጻነትና የሕዝቧ እስልምና። ሁለቱም ገና ያልጸኑ፣ ወይም ሊነጠቁ ይችላሉ ተብለው የሚፈሩ የህልውና ምሰሶዎች ናቸው።

የጂቡቲ ምሳሌና የቀረው ጥያቄ

ከሐርጌሳ ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ጂቡቲ ተመሳሳይ ሕዝብና ተመሳሳይ ሃይማኖት ያላት አገር ናት። ሕገ መንግሥቷ እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደርገዋል። ሆኖም በዋና ከተማዋ የካቶሊክ ካቴድራል፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሮቻቸውን ከፍተው ያገለግላሉ። ለዚህ የረጅም ጊዜ የፈረንሳይ መኖር፣ የውጭ ጦር ሰፈሮችና የወደብ ንግድ ድርሻ አላቸው። የጂቡቲ ልምድ የሚያመለክተው ሙስሊም የሆነ የሶማሌ ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በአንድ ከተማ መኖር እንደሚችል ነው። ልምዱ ወደ ሐርጌሳ በቀጥታ ይሻገራል ማለት ግን አይደለም፤ ጂቡቲ እንደ አገር እውቅና ለማግኘት የታገለችው ትግል የለም፤ ሚሲዮኑም እዚያ የአመፅ ምክንያት ሆኖ አልተተረከም።

ለሐርጌሳ የሚቀርቡት የመፍትሔ ሐሳቦች ብዙ አይደሉም። አንደኛው አሁን እንዳለው መቀጠል ነው፤ የውጭ ዜጎች በየቤታቸው በዝምታ ይጸልያሉ፤ መንግሥትም አያይም። ይህ ግጭትን ያስቀራል፤ ግን መብትን በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ ያንጠለጥላል። ሁለተኛው ከሕዝብ ዓይን በራቀ፣ ጥበቃ ባለው ቅጥር ግቢ ውስጥ ለውጭ ዜጎች የጸሎት ስፍራ መፍቀድ ነው። ይህ ለድርጅት ሠራተኞች ይመች ይሆናል፤ ለቀን ሠራተኛውና ለቤት ሠራተኛዋ ግን የቅጥሩ በር ራሱ የማይታለፍ ነው። ሦስተኛው ‘ማስፋፋት’ ማለት ምን እንደሆነ፣ ለራስ ምእመን መቀደስና ማስተማርስ ከዚያ ውጭ መሆን አለመሆኑን በሕግ መወሰን ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ መንገድ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ከባድም ነው። ምክንያቱም የሕዝብ ተወካዮች በሕዝብ ፊት ቆመው ሊከራከሩበት ይገባል።

ለኦርቶዶክስም ለካቶሊክም ምእመን ካህን አለመኖሩ ስብከት ከማጣት ያለፈ ነገር አለው። ካህን ከሌለ ቁርባን የለም፤ ሕፃን ክርስትና አይነሣም፤ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። በሐርጌሳ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን እነዚህን ለማግኘት በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ አብያተ ክርስቲያናት ወዳሉባት ወደ ጅግጅጋ መሄድ አንዱ አማራጭ ነው። ወረቀት ለሌለው ስደተኛ ወይም ከአገሩ ሸሽቶ ለወጣ ጥገኛ ግን ያ መንገድ ሲሄዱበት የሚመለሱበት ላይሆን ይችላል። ጅግጅጋም ብትሆን የራሷ ቁስል አላት፤ በነሐሴ 2018 በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትም ተገድለዋል።

የ2017ቱ ውሳኔ ቤተ ክርስቲያኗን አላፈረሳትም፤ ባለቤትነቷንም አልሻረም። ሚኒስትሩ የጠቀሱት ምክንያት የሕዝብ ፍላጎት ነው። በምክንያቱ ከሄድን ጉዳዩ ለዘለዓለም የተዘጋ አይደለም፤ ፍላጎት ሲለወጥ ውሳኔውም ሊለወጥ ይችላል። የሶማሌ ባህል እንግዳን ማስተናገድን ከክብር ሁሉ በላይ ያስቀምጣል፤ በጥላው ሥር የገባን ሰው መጠበቅ የጎሳው ሁሉ ግዴታ ነው። ይህ ባህላዊ ሕግ እንግዳው እንዲበላና እንዲያድር ያዝዛል። የራሱን ጸሎት በራሱ ካህን ፊት እንዲያደርስም ይፈቅድ እንደሆነ የሚወስኑት የሐርጌሳ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።